መዝጊያውን የተውኩት እኔ ነበርኩ

ካረፉ አርባ ቀን የሞላቸው አጎቴ የትኛውንም መዝጊያ ከዘጉ በኋላ ጥቂት ሄደው ይመለሱና አንዴ ነቅነቅ ያደርጉት ነበር።

የሰፈራችን ወጣቶች ቢቸና ዳር ያለውን፣ ጎርፍ የሸረሸረውን ቦረቦር ከከብት ከልለን አጥረነዋል። ሣሩ እየታጨደ መሬት ለሌላቸው ባልቴቶች ይሰጣል። ከብቱ የገባበት ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝብ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሐምሌ አጎቴ ከእኛ ጋር ችግኝ ሲተክሉ በዋሉ ማግስት በሬያቸው እዚያ ውስጥ አምስት የወይራ ችግኝ ረግጦ ተገኘ።

"ዳኛው፣ ለአጎትህማ ታዳላለህ!" አሉኝ ጓደኞቼ እየሳቁ።

አላዳላሁም። እሑድ አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

"መጨረሻ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ መዝጊያውን ረስቼው ይሆናል። እርጅና ነው፣ ይቅር በሉኝ" አሉ።

ይህን ሲናገሩ ነው ትዝ ያለኝ። እርሳቸው ዘግተው ከሄዱ በኋላ የረሳሁትን ዶማ ለማውጣት ተመልሼ ገብቼ ነበር። ከዚያ የሞጣው መኪና እንዳያመልጠኝ ስሮጥ የእሾሁን መዝጊያ አልመለስኩትም። ያን ጊዜ መናገር ስችል አፈርኩና ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አጎቴ ራሳቸውን ማመን ተዉ። ከደጃፋቸው እንደ ድሮው አንዴ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ ይመለሱ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ዘግቼዋለሁ?" ይሉኛል።

"ዘግተዋል፣ ጋሼ" እላለሁ። ሌላውን ሳልነግራቸው ታመው ሞቱ።

የፊታችን እሑድ ሕዝቡ ፊት እቆማለሁ። ሰዎቹ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እኔ ግን የበደልኩት እነርሱን አልነበረም።