ድሮዊንግ ሩም የቱ ጋ ነው?

በቀደም ሬንተን ከተማ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ ገብቼ የእንጨት ሰም ሸተተኝ፤ ወዲያው መዳፌን አላበኝ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እጄ ግን አልረሳም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መሀል፣ ሲያትል በገባሁ በዓመቱ ነው። አክስቴ ኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ቤት ታጸዳ ነበርና ባለቤቲቱን አሮጊት እንድጠብቅ አስቀጠረችኝ። ቤቱን ያሠሩት የአሮጊቷ አባት ናቸው፤ እንግሊዝ አገር፣ ገጠር ውስጥ ያዩትን የመኳንንት ቤት አስመስለው። ረጃጅም የጡብ ጭስ መውጫዎች፣ በእርሳስ ብረት የተያያዙ ጥቃቅን የመስኮት መስተዋቶች፣ እስከ ጣሪያ በጥቁር እንጨት የተለበጠ ግድግዳ። ልባጡ መሀል በር አለ፤ ሲዘጋ ግድግዳ ይመስላል። ከጀርባው አገልጋዮች ሳይታዩ የሚወጡ የሚወርዱበት ጠባብ ደረጃ ነበር።

«ስሚ፣ ባለፈው ወር ወድቀዋል» አለችኝ አክስቴ። «ደግመው ከወደቁ አይተርፉም። ከዓይንሽ እንዳይጠፉ፣ ኦኬ?»

አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ ምሳ በልተው ሲያበቁ ሻይ ላፈላ ተነሣሁ። «ድሮዊንግ ሩም ነኝ» አሉኝ። ስመለስ ወንበራቸው ባዶ ነው።

ድሮዊንግ ማለት ሥዕል መሆኑን በማታ ትምህርት ተምሬያለሁ። ሶ፣ የሥዕል ክፍል ፍለጋ ወጣሁ። ፎቅ ላይ ሥዕሎች የተሰቀሉበት ረጅም ኮሪደር አለ፤ የሉም። መኝታ ቤታቸው፣ የሉም። የመታጠቢያ ቤቱን በር ዓይኔን ጨፍኜ ነው የከፈትኩት። ብጠራ ብጠራ የሚመልስልኝ መስተዋቱን የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ሆነ። የቀረው የአገልጋዮቹ ደረጃ ነው። እዚያ ወድቀው ቢሆንስ? ገባሁ፤ በሩ ከኋላዬ ቀጭ አለ። እጀታው ከውስጥ በኩል ወልቆ ኖሯል።

ምን ልበልሽ፣ ጨለማው ሰም ሰም ይሸታል። አሁን ገላቸውን እነካለሁ፣ አሁን እነካለሁ እያልኩ ደረጃውን በእጄ እየዳበስኩ ወረድኩ። ማንም የለም። የታችኛውም በር አልከፈት አለኝ። እንግሊዝኛው ከአፌ ጠፋ፤ እንጨቱን በመዳፌ እየደበደብኩ «እማማ! እማማ!» አልኩ።

ከግድግዳው ማዶ ከዘራ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ። ጠቅ። ዝምታ። ጠቅ። ወደ እኔ እየመጡ ነው፣ ብቻቸውን፣ በዚያ ሰም በተቀባ ወለል!

«ይቀመጡ! ይወድቃሉ!» ብዬ ጮህኩ፣ በአማርኛ።

በሩ ተከፈተ። ሙሉ ጊዜውን እኛ ሳሎን የምንለው ክፍል ውስጥ እሳት ሲሞቁ ነበር፤ እኔ ያላየሁት እሱን ብቻ ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?»

«እርስዎን።»

እጄን ይዘው እሳቱ ዳር ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው ቆሙ።

ኮሌጅ የገባሁት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። አንድ ቀን መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አገኘሁት፤ ድሮዊንግ ሩም ከሥዕል ጋር ዝምድና የለውም፤ ከሰው ገለል የሚሉበት ክፍል ማለት ነው። ልነግራቸው ብድግ አልኩ። ካረፉ ግን ዘጠኝ ዓመት አልፏቸው ነበር።