የሰዓት ቆጣሪው ማስረጃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ጎንደር ፒያሳ ከጫማ መደብር በላይ ባለችው የሕክምና መሣሪያ መሸጫ ቢሯችን ሁለት ነገር ተሰጠኝ፤ የመፍቻ ቦርሳና አሥራ አንድ ገጽ ቅጽ። ቦርሳውን ወዲያው ከፍቼ መፍቻዎቹን፣ መልቲሜትሩንና የኦክስጅን ጥራት መለኪያውን አንድ በአንድ አየሁ። ቅጹን ከቦርሳው ሥር አጋደምኩት። ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ወረቀት መሙላት የሰነፍ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጃችን፣ እኩያዬ ነው፣ ለዚያ ቀን ብሎ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። "ደሴ፣ ቅጹን አንሣው" አለኝ። "ማሽናችን ጥሩ ነው ስላልን ብቻ ከእንግዲህ የሚገዛን የለም። ማንን አዳነ፣ ምን ወጪ አስቀረ ይሉናል። መልሱን የምታመጣው አንተ ነህ።"

እውነቱን ነው። ድሮ ሻጩ ካታሎጉን ይዞ ከኃላፊው ጋር ሻይ ከጠጣ ነገሩ ያልቅ ነበር። በእኔ ጊዜ የግዥ ኮሚቴው ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማሽኑ ስንት ሰዓት ሠራ፣ ስንት በሽተኛ ታከመበት፣ ስንቱ ወደ ጎንደር ሪፈር ከመባል ተረፈ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር ማመላለስ በምን ያህል ቀነሰ። ይህ ሁሉ ቅጹ ላይ መሞላት ነበረበት።

የመጀመሪያው ሙከራችን ከደባርቅ ወዲያ፣ ደጋ ላይ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሆነ። ስሟን ልተወው። ያስገባነው ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ነው፤ ከክፍሉ አየር ኦክስጅኑን እያጣራ በቱቦ ለበሽተኛው የሚሰጥ፣ ከትንሽ ፍሪጅ የማይበልጥ ማሽን። ከፍታው ያስቸግረዋል ብዬ ሰግቼ ነበር። ስለካው ደህና ሆኖ አገኘሁት።

ሥልጠናውን ሰጥቼ ስጨርስ፣ እንደ ልማዴ "ማሽን ከቆመ ይበላሻል፤ አታስቁሙት" አልኩ። የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ሲስተር አትጠገብ እጇን አወጣች።

"ኢንጂነር፣ ኦክስጅን ያነሰውን በሽተኛ በምን እንለየዋለን? የጣት መለኪያ እኮ የለንም።"

የጣት መለኪያ፣ ጣት ላይ ተቆንጥጦ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚያሳይ፣ ኪስ የሚገባ ዕቃ ነው። እኛ አንሸጠውም ነበር። "እጽፍላችኋለሁ" አልኳት።

ከስድስት ወር በኋላ ቅጹን ይዤ ተመለስኩ። የማሽኑን ሰዓት ቆጣሪ ሳየው ደስ አለኝ፤ ሥራ ፈትቶ የዋለበት ቀን የለም ማለት ይቻላል። መዝገቡን ስገልጥ ግን የታካሚዎቹ ስም አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ሰዓቱና ሰዉ አልገጥም አለኝ።

የጤና ጣቢያው ጥበቃ አያ ሙጨ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"አያ ሙጨ፣ ይህን ማሽን ማን ነው የሚያስነሣው?"

"እኔ ነኝ። ጧት አስነሣዋለሁ፣ ማታ አጠፋዋለሁ።"

"በሽተኛ ሳይኖርም?"

"ምነው፣ ከቆመ ይበላሻል ያሉን እርስዎ አይደሉ? አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ሸጋ አድርጎ ነው የሚሠራው።"

ሳቄ መጣ፣ ወዲያውም ጠፋ። ሰውየው የታዘዙትን ሳያጓድሉ ፈጽመዋል። ስድስት ወር ሙሉ ለባዶ አልጋ ኦክስጅን ስንሰጥ ከርመናል።

ሲስተር አትጠገብን ጠየቅኋት። "ለማን ላድርገው?" አለችኝ። "እኔ የማየው ከንፈሩ የጠቆረውን ነው፤ ያ ደግሞ የመጨረሻው ነው። ሳይጠቁር የሚያሳየኝ የጣት መለኪያው ነበር። አሁንም ይጻፉልን።"

ጻፍኩ። ሰዓቱ ለምን እንደበዛ፣ ሰዉ ለምን እንዳነሰ፣ ምን እንደጎደለ፣ ሁሉንም በአንድ አንቀጽ አስገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን አይቶ ደወለልኝ።

"ሰዓቱ ቆጣሪው ያለው ነው ወይስ አንተ ያልከው?"

"ቆጣሪው ያለው ነው።"

"እንግዲያው ያለ አንቀጹም ውሸት አይሆንም። እሱን ካነበቡ ማን ይገዛናል? አንተው አስብበት።"

አሰብኩበት። ደመወዜን አሰብኩ፣ ቢሮዋ ብትዘጋ የት እንደምገባ አሰብኩ። ከዚያ አንቀጹን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ሰዓቱን ፊት ገጽ ላይ፣ የታካሚዎቹን ቁጥር ወደ ኋላ አባሪው ውስጥ አደረግሁት። ማንም አላስገደደኝም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ በእሱ ላይ ላላክከው ይዳዳኛል።

ሪፖርቱን ጎንደር ኮሚቴው ፊት አቀረብኩ። ከመካከላቸው አንዲት ሐኪም "ባለሙያዎቹ ከማሽኑ ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። "የለም፣ በዚሁ ረክተዋል" አልኳት። ማሽኖቹ ተገዝተው ለየጤና ጣቢያው ተከፋፈሉ። አንድም የጣት መለኪያ አብሮ አልሄደም።

በክረምቱ ማጣሪያ ልቀይር ወደዚያችው ጤና ጣቢያ ወጣሁ። ሲስተር አትጠገብ ሥራዬን እስክጨርስ ጠብቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ባለፈው ሳምንት የአራት ወር ልጅ መጥታ ነበር" አለችኝ። "ትስላለች፤ ግን ትጠባለች፣ ከንፈሯም ደህና ነው። መድኃኒት ሰጥቼ ወደ ቤቷ ሸኘኋት። በማግሥቱ እናቷ አዝላ ስታመጣት ጠቁራለች። ማሽኑን ወዲያው አስነሣነው። እሱስ ምንም አላጎደለም። ልጅቷ ግን እስከ ቀትር አልቆየችም።"

የጥገና ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"የጣት መለኪያውን ነገር ምን አሉዎት?"

እምቢ አሉ ብል ታምነኝ ነበር። "አልነገርኳቸውም፣ ሲስተር" አልኳት። "ጽፌ አጠፋሁት።"

"እኔ እኮ እርስዎ ጽፈው እነሱ እምቢ ያሉዎት መስሎኝ፣ እነሱን ስረግም ነው የከረምኩ" አለች። ከዚያ የጥገና ቅጹን ከእጄ ወሰደችና ማሽኑ ደህና መሆኑን ፈረመችልኝ።

እንደተመለስኩ ፒያሳ ካለ መድኃኒት ቤት የጣት መለኪያ ገዝቼ ላክሁላት። ገብቼ ለመውጣት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ያመኛል።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በሥራው ላላችሁ የምለው ይህን ነው። ቆጣሪ ማሽኑ መሥራቱን ብቻ ይነግራችኋል። የጎደለውን የምታውቀው በሽተኛው አጠገብ የምትቆመው ነርስ ናት። እሷ ያለቻችሁን ከሪፖርቱ አታውጡ።