የሳዲያ እስስት

ትኩስ ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም እጄን ወደ አፌ ይወስደዋል። የሚያየኝ ሰው ያሳለኝ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ጥርሴን እየሸፈንኩ ነው።

አባቴ መቱ ገበያ አጠገብ፣ በቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋ ነበር። አንድ ክረምት ታላቅ እህቴ ሳዲያ ከሎሚ ዛፋችን ላይ እስስት አግኝታ የራሷ አደረገቻት፤ ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ትዞር፣ ዝንብም እየያዘች ታቀርብላት ነበር። ሰፈሩ ግን እስስት የሰው ጥርስ ካየች ትቆጥራለች፣ ቆጥራ ስትጨርስም ጥርሱ አንድ ሳይቀር ይረግፋል ብሎ ያምን ስለነበር፣ ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ልብስ ሊያሰፉ ሲመጡ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ «ነኢማ፣ አፍሽን ግጠሚ!» እያሉኝ ነበር የሚያልፉት። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እገጥም ነበር።

በዝናቡ ወራት እስስቷ ቆዳዋን ስትቀይር ምንም አልተቸገረችም፤ ቅራፊው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ይወድቅ፣ ሳዲያም ለቅማ ደብተሯ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ኅዳር ላይ የቡና ለቀማ ደረሰና ሳዲያ አክስታችንን ልትረዳ ያዮ ሄደች። ልጆች በድንጋይ እንዳይገድሏት ብላ እስስቷን ከሎሚው አውርዳ፣ አባቴ ከሚሠራበት ክፍል መስኮት ላይ ባሰረችው ቅርንጫፍ አስቀመጠቻት። «እስክመለስ ብትሞት ዋ! ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪያት፤ አትነክስም» ብላኝ ሚኒባሱ ላይ ወጣች። እኔን ያስፈራኝ መቼ መንከሷ ሆነና!

ከመስኮቱ ሥር የአባቴ የከሰል ካውያ ቀኑን ሙሉ ይግል ነበር። በጋው ሲጠና ቆዳዋ ገና መነሳት ሲጀምር እዚያው ደረቀባትና ሁለቱንም ዓይኖቿን ደፈናቸው። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ ቢያርፍ እንኳ አታይም። መጀመሪያ ምላሷን ወደ ባዶ አየር ትወረውር ነበር፤ ቆይታ እሱንም ተወችው፣ ጎኗም ገባ። ለአባቴ ብነግረው መርፌውን ከከንፈሩ ሳያወጣ፣ «ዛፏ ላይ መልሻት፣ አላህ ያውቅላታል» አለኝ፤ ዞሮም አላያት። ሁልጊዜ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ የሚሰፋው እሱም ፈርቶ መሆኑ ያኔ አልገባኝም። በዚያው ሳምንት የፊት ጥርሴ መነቃነቅ ጀመረ። በቃ፣ መቁጠር ጀምራለች አልኩ።

ዓርብ ቀን አባቴ ጁምዓ ሲሄድ ቅራፊውን በጣቴ ልልጥላት ሞከርኩ፤ ጠቁራ ተነፋችና አፏን ከፈተችብኝ። ሮጬ ስፌት መኪናው ሥር ገባሁ። እዚያ ተኮራምቼ ሳለሁ የአባቴን የውሃ ጣሳ አየሁ። የተጨማደደ ጨርቅ ሲያስቸግረው ውሃ ጎርሶ ፍፍ እያለ ይረጭበት፣ ጨርቁም ይለሰልስለት ነበር። ግን እንዲያ ለመርጨት ጥርስን ገለጥ ማድረግ ግድ ነው። ዓይኗ ተደፍኗል፣ ሳታይ አትቆጥርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ወዲያው ደግሞ የምረጨው ዓይኗ እንዲከፈት መሆኑ ትዝ አለኝ።

ጎርሼ ረጨሁ። ደገምኩ። በሦስተኛው ከውሃው ጋር አንድ ነገር ከአፌ ወጥቶ መስኮቱ ደፍ ላይ ቀጭ አለ። ጥርሴ ነበር። ልሸሽ ስል የቀኝ ዓይኗ ቅራፊ ጠርዙ ብቻ መነሳቱን አየሁ፤ ትቼው ብሄድ መልሶ ይደርቅባታል፣ እሷም በረሃብ ትሞታለች። የቀሩትንም ልትወስዳቸው ነው እያልኩ፣ እያለቀስኩ፣ ደም የቀላቀለ ውሃ ረጨሁባትና ጠርዙን በእርጥብ ጣቴ ሳብኩት። ዓይኗ ተገለጠ፣ ዞረ፣ ዞረና እኔ ላይ ቆመ። ቀሚሴ ላይ ሸናሁ።

አባቴ የደረሰው ያኔ ነው። ደሜን አይቶ በሩ ላይ ደርቆ ቀረና አፉን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ስንት ቀረሽ?» አለኝ።

አለቀስኩ። እስስቷን አየት፣ እኔን አየት አደረገና ቀስ ብሎ መጥቶ ጣሳውን ከእጄ ወሰደ።

«አንቺ ይብቃሽ» አለ። «የቀረውን ከእኔ ትቁጠር።»

ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱን ገልጦ፣ ግራ ዓይኗ እስኪከፈት ድረስ ረጨላት።

ሳዲያ ስትመለስ እስስቷ ዝንብ ስትይዝ ደረሰች። የእኔም ጥርስ በቦታው በቀለ። ዛሬ በዚያው ክፍል የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ካውያው የኤሌክትሪክ ነው፣ ውሃውንም በፕላስቲክ መርጫ ነው የምረጨው። አባቴ አርጅቶ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል፣ አሁን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ። ያኔ የምፈራው ለራሴ ጥርስ ነበር። አሁን እሱ በሳቀ ቁጥር ሳላስበው እቆጥራለሁ። ሁለት ቀርተውታል።