አባቷን ውሃ የምታጠጣ ልጅ

በደርግ ጊዜ ነው። ከወልድያ ወደ መርሳ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ወታደርና አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጃቸው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጅቷ ኮዳውን እያነሳች፣ «አባባ፣ ትንሽ ይጠጡ» እያለች መቀመጫ አሳጣቻቸው። በቃኝ ብለው ፊታቸውን ቢያዞሩም አልተወቻቸውም።

ነገሩ ገርሞኝ፣ «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አልኳቸው።

«እኔማ ደህና ነኝ» አሉ እየሳቁ። «ታማ የነበረችው እሷ ናት። ኩባ፣ የሕፃናት ሆስፒታል ሄደን አንዱን ኩላሊቴን ሰጠኋት። እግዜር ይመስገን፣ ይኸው እንደምታያት ድናለች።»

ትንሽ ቆይተው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ወደ ልጅቷ ዞር ብዬ፣ «ታዲያ አንቺ ከዳንሽ አባትሽን እንዲህ የምታስጨንቂያቸው ለምንድን ነው?» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታናሽ ወንድሜም ያው በሽታ ይዞታል» አለችኝ። «የቀረችውን ኩላሊት ለእሱ እየጠበቅኩለት ነው።»