ክሌርሚዝ መንገድ የዘጋችበት ስቅለት

ክሌርሚዝን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ስለ እሷ ሳወራ ባዳላ አትፍረዱብኝ፤ የክርስትና እናት ያላዳላች ማን ሊያዳላ ነው?

አባቷ ቴሊስማ ሳንቃ ሰንጣቂ ነበር። ግንዱን ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ይጭኑና አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ መጋዙን ይጎትታሉ፤ ከላይ የሚቆመው ቴሊስማ ነው። ክሌርሚዝ ከመወለዷ በፊት በነበረው ዓመት አውሎ ነፋስ መጣና የመንደራችን የሞርን ሲትሮንን ትልቁን የማፑ ዛፍ ጎኑን ገነጠለው። ማፑ በኛ ኮረብታ እንዲሁ ዛፍ አይደለም፤ አድባር ነው፤ መናፍስት ያድሩበታል። ሰው ሁሉ ሊነካው ሲፈራ ቴሊስማ፣ "ዝናብ አበስብሶ ከሚጨርሰው ለሰው ቤት ይሁን" ብሎ የተገነጠለውን ጎን ቆረጠው።

ልጅቷ ስትወለድ እዚያው ነበርኩ። አዋላጇ ጠቀለለቻትና "ሴት ናት" ብላ ዝም አለች። ያ ዝምታዋ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ሳይ ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበት በታች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፤ ውስጥ እግሯ ሽቅብ ያያል።

ሳምንት ሳይሞላ ፍርዱ ተሰጠ። መናፍስቱን የሚያገለግሉት ሽማግሌ ሴድዋን፣ "የማፑው ባለቤት ነው፤ ጎኑን ቢቆርጡበት እግር ሰበረ" አሉ። የቆርቆሮዋ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ደግሞ፣ "የቀጣውስ እግዚአብሔር ነው፤ በመናፍስቱ ከበሮ ሲጨፍር ስንቴ አይተነዋል" አለ። የገዛ እናቴ ሳትቀር፣ "ኢዳሊ እርጉዝ ሆና በአንድ አንካሳ ስቃ ነበር" ብላ ሚስቱን ከሰሰች። በምንም የማይስማሙ ሰዎች ጥፋቱ የወላጆቿ መሆኑ ላይ ተስማሙ። ልጅቷ ጡት በደንብ ትጠባ እንደሆነ የጠየቀ ግን አላየሁም።

ኢዳሊ ተከራከረች፣ ተሳደበች፣ አለቀሰች። ቴሊስማ ግን የሁሉንም ፍርድ እሺ ብሎ ተቀበለ። በዓመቱ፣ በስቅለት ዕለት፣ ሕዝቡ እየዘመረ ኮረብታው አናት ላይ ወዳለው መስቀል ሲወጣ፣ እሱ ያንን የድንጋይ ዳገት በጉልበቱ ወጣው። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። በሚቀጥለውም። ደሙ ድንጋዩ ላይ ይቀር ነበር። ሴቶቹ፣ "አባት ማለት እንዲህ ነው!" ይላሉ። እኔም እል ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

ክሌርሚዝ መጀመሪያ ዳኸች፤ ኋላ አባቷ በጠረበላት ምርኩዝ ቆመች። አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት የእናቷን ንግድ ያዘች፤ አህያ ላይ ተቀምጣ ተቀቅሎ እንደ ዳቦ የሚበላውን የዳቦ ፍሬና አቮካዶ ይዛ ገበያ ትወርዳለች። ምላሷ ስለት ነው። አንድ ጠዋት አብሬያት ሳለሁ አንዲት ገዢ አቮካዶ ልታነሳ እጇን ዘርግታ ምርኩዙን ስታይ ሰበሰበችው።

"በማለዳ ካንቺ ገዝቼ ቀኔን አላበላሽም" አለቻት።

"እውነትሽን ነው፣ እመቤት" አለች ክሌርሚዝ። "የኔን አቮካዶ አንዴ የቀመሰ ከሌላ ሰው መግዛት ያቅተዋል። ይኼ እርግማን እንዳይጋባብሽ ቶሎ ሂጂ!"

ገበያው በሳቅ ሞተ። ሴትዮዋም እየሳቀች ገዝታ ሄደች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ክሌርሚዝ፣ "ክርስትና እናቴ፣ ቀልዱስ አያልቅብኝም፤ የሚያልቅብኝ አቅሙ ነው" አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በስቅለት፣ ከሁሉ ቀድማ ወጣች። ዳገቱ የሚጠብበት ቦታ ላይ አህያዋን መንገዱ መሀል አግድም አቆመችና እላይዋ ተቀመጠች። ሰልፉ መስቀል ተሸክሞ መጣ፤ ከፊት ቴሊስማ በጉልበቱ።

"ዞር በይ አንቺ! መስቀል እያለፈ!" ብሎ የመዝሙር መሪው ጮኸባት።

"መስቀሉ ይለፍ። የኔ ጉዳይ ካባቴ ጋር ነው" አለችና ወደ እሱ ዞረች። "አባዬ፣ ለምንድን ነው የምትንበረከከው?"

"ለኃጢአቴ ነዋ፣ ልጄ።"

"ኃጢአትህ የታለ? እስቲ አሳየኝ።"

ዓይኑ ወደ እግሮቿ ሄዶ ተመለሰ። ሁላችንም አየነው።

"አየህ?" አለችው። "አንተ በተንበረከክህ ቁጥር ሰው የሚያየው እኔን ነው። 'ቅጣቱ ያቻትና' ይላል። ፓስተሩ አንዴ ተናግሮ ተወው። አንተ ግን ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት በጉልበትህ ስትናገረው ኖርክ።"

"እኔ ካላጠፋሁ ታዲያ ማን አጠፋ?"

"የግድ ማን ማጥፋት አለበት?"

"ያለ ምክንያት ከሆነማ..." ቴሊስማ መሬቱን አየ። "ጥፋት ከሆነ ንስሐ አለው። ያለ ምክንያት ከሆነ ግን፣ ክሌርሚዝ፣ ይኼን እጄን የት አባቴ ላድርገው?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጥፋተኛ ሰው ቢያንስ የሚሠራው ነገር አለው። ቴሊስማ የእግዚአብሔርን ቁጣ ችሎት ኖሯል፤ ያልቻለው ዝምታውን ነው። እኛም ጉልበቱ ሲደማ እያየን አበጀህ ስንል፣ ከዚያ የከበደውን ነገር ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል።

"ምርኩዜን የጠረበልኝ እጅህ አይደለም እንዴ?" አለችው ክሌርሚዝ። "እሱን ለምን ታሳንሰዋለህ?"

ቴሊስማ አልወጣም። ሁለት ሰዎች ደግፈው አነሱትና በእግሩ ቁልቁል ወረደ። ወዲያው ተቃቀፉ ብዬ ባወራላችሁ ደስ ባለኝ፤ እሱ ግን አኩርፎ ሁለት ወር አላናገራትም። መንደሩም፣ "አባቷን ከንስሐው ያስነሳች" እያለ አማት። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ገመድ ይዞ መጣና ፊቷ ቁጢጥ አለ።

"እግርሽን ወዲህ በይ። ኮርቻሽ ላይ ማሳረፊያ ልሠራልሽ ነው" አላት።

እግሯን መዳፉ ላይ አድርጎ በገመዱ ለካ፤ አገላብጦም ለካ።

"ኧረ ይኮረኩራል!" አለች።

"ዝም በይ፣ ልኬቱን አጠፋሽብኝ!" አላት፤ እሱም ሳቁ አመለጠው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ክሌርሚዝ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አግብታ ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናው ዕለት እኔ የዱባ ሾርባ እያወጣሁ ነበር። የመዝሙር መሪው ሕፃኑን ተቀበለና ጨርቁን ገልጦ እግሮቹን ለሰው ሁሉ አሳየ።

"እግዚአብሔር ይመስገን! ቀጥ ያሉ ናቸው! ይቅር ብሏችኋል ማለት ነው!"

ቤቱ ሙሉ "አሜን!" አለ። የክሌርሚዝን ፊት አየሁት። የልጁ ቀጥ ያለ እግር ይቅርታ ከሆነ፣ የእሷ እግር መልሶ ቅጣት ሆነ ማለት ነው። አፏን ስትከፍት ግን፣ በዕድሜው ሙሉ ከማንም ተከራክሮ የማያውቀው ቴሊስማ ቀደማት።

"ጠማማ ቢሆን ኖሮስ ምን ልትለን ነበር?"

"እኔማ... ቴሊስማ፣ እኔ እኮ ለማመስገን..."

"አመስግን፤ ስለ ልጁ አመስግን። እግሩን ተወው። በል አሁን ለእናቱ መልስላትና ሾርባህን ጠጣ፤ እየቀዘቀዘብህ ነው።"

ሰውዬው ሕፃኑን መለሰ። ክሌርሚዝ ተቀብላ እግሮቹን በጨርቁ ሸፈነቻቸው፤ እኔም ለቴሊስማ ትልቁን ሳህን ሞልቼ አቀረብኩለት።