ልብስ ሰፊው የለኩት ፕሮሰሰር

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ካቆምኩ በኋላ ፒያሳ፣ አንድ የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ውስጥ በጽዳት ተቀጠርኩ። ጥልፍ ስለምሠራ እጄ አይንቀጠቀጥም። አለቃዬ ይህን አይቶ ማዘርቦርድ በሚባለው የኮምፒዩተር ዋና ሰሌዳ ላይ የተጣመሙትን ቀጫጭን እግሮች በመርፌ ማቃናት አስተማረኝ። ሥራውን ወደድኩት። ደንበኛ ማናገር ግን ያስፈራኝ ነበር።

አንድ አርብ አለቃዬ መስጊድ ሄዶ ብቻዬን ሳለሁ፣ ከዶሮ ማነቂያ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ መጡ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነው። ዘመድ የሰጣቸውን ፕሮሰሰር፣ የኮምፒዩተርን አንጎል፣ በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል።

"ልጄ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ይሄ የሚገባበት ማዘርቦርድ ስጪኝ። እስክትመረቅ የሚያደርሳት ይሁን፣ ሌላ የምገዛበት አቅም የለኝም።"

ወደ መደርደሪያው ዞር እስክል ድረስ ባንኮኒው ላይ ያለውን ማዘርቦርድ ሳቡት። ፕሮሰሰሩን ለኩ፤ የሚቀመጥበትን ቦታ ለኩ።

"ልክክ ይላል" ብለው ሊጫኑት አጎነበሱ።

"አባባ፣ አይጫኑት።" ድምፄ እኔኑ አስደነገጠኝ።

"ምነው? ሠላሳ ዓመት የለካሁ ሰው ነኝ እኮ።"

"ስፋቱስ እኩል ነው። ጠርዙ ላይ ያለችው ቅድ ግን ቦታዋ አይገጥምም። ከተጫኑት ከሥር ያሉት እግሮች ይጣመማሉ።"

አስጠግተው አዩት። "እጅጌውን በአንገት በኩል ልገጥመው ነበር በይኛ።"

የሚገጥሙትን ሁለት ማዘርቦርዶች አወረድኩ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከያዙት ፕሮሰሰር የሚበልጥ አይቀበልም። ሁለተኛው ይህንንም ይቀበላል፣ ወደፊት ደግሞ ጠንካራውን። እንዴት እንደማስረዳቸው ጨነቀኝ። ዓይኔ ሜትራቸው ላይ አረፈ።

"የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ከታች ትርፍ ጨርቅ አያጥፉም?"

"አጥፋለሁ እንጂ። ልጅቷ ስታድግ ይፈታላታል።"

"ይሄኛው እጥፍ አለው" አልኩ ሁለተኛውን እየጠቆምኩ።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" ብለው እጥፍ ያለውን ወሰዱ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰፈራቸው ፈርሶ ከተማ ዳር ገብተው ሳለ፣ በሁለት ታክሲ ከልጃቸው ጋር ኮምፒዩተሩን ይዘው መጡ። ኮምፒዩተሩ የመመረቂያ ሥራዋን አልችል ብሏታል። ያመጣችውን ጠንካራ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ከሚቀበላቸው ጋር አመሳከርኩ። ቅዷን አገጣጥሜ ለቀቅ ሳደርገው በራሱ ተቀመጠ።

"እሷ ናት እጥፍ አለው ያለችህ?" አለች ልጅቷ አባቷን።

"እሷ ናት።"

ቀና ማለት አቃተኝ። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ቀስ ብለው ጠቀለሉት።