በቀይ ያረምኳት ዐረፍተ ነገር

የወሰዱኝ ሦስተኛ ክፍል እያስተማርኩ ነው። ጠመኔ እንደያዝኩ ያስተዋልኩት መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነበር። ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ማንም አላናገረኝም። ያወረዱኝ ከተማው ጫፍ ላይ ያለ የእህል መጋዘን ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከቁመቴ በላይ፣ ጥጉ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈው የተቀመጡ አራት ሴቶች።

መቀመጥ አልቻልኩም። ድሮም ቁጭ ብዬ ማስተማር አልወድም፤ እዚያ ግን ባሰብኝ። ከግድግዳ ግድግዳ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ስሄድ ስመለስ አንዲት የአልዩ አምባ ነጋዴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ በአላህ ተቀመጪ፤ አዞርሽን እኮ» አሉኝ።

«ለምን እንዳመጡኝ ሳላውቅ እንዴት ልቀመጥ?»

«እኛስ መች አወቅን? ቁጭ ብለን ነው የማናውቀው።»

ሳቄ መጣ። ተቀመጥኩ፤ እግሬ ግን አላርፍ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ጠሩኝ። የመርማሪው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አለ። ሽፋኑን ሳየው ክው አልኩ። የተማሪዬ ነው፤ ፊት ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ እጇን ሳታወጣ የምትመልስ የስምንት ዓመት ልጅ። ቤቷን ሲፈትሹ ነው ያገኙት።

በዚያ ሳምንት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ያስተማርኩት «ካን»ንና «ሜይ»ን ነበር። «ካን» ለአቅም ነው፣ «ሜይ» ላልተረጋገጠ ነገር ነው እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ተናግሬያለሁ። ልጆቹ ግን የሚያስቡት በአማርኛ ነው። ወንድሜ መዋኘት ይችላል፣ ነገ ሊዘንብ ይችላል፤ ለእነሱ «ይችላል» ያው «ይችላል» ነው። ስለዚህ ሁሉንም በ«ካን» ይጨርሱታል።

መርማሪው ገጹን ገልጦ ወደኔ አዞረው። «ማይ ፋዘር ካን ካም ሰንደይ» ይላል። አባቴ እሁድ ሊመጣ ይችላል ማለቷ ነው። «ካን»ን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ በላዩ ላይ «ሜይ» ጽፌበታለሁ። የእጅ ጽሑፌ ነው፤ መካድ አይቻልም።

«አባቷን እየፈለግነው ነው። ታውቂያለሽ» አለ።

«እንደምትፈልጉት ገና አሁን ሰማሁ።»

«ካላወቅሽ በምን አረምሽው?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳየው አልቀለደም። አንድ ወረቀት ገፋልኝ፤ አባትየው እሁድ ወደ ቤቱ እንደሚመጣ ከልጅቷ አረጋግጫለሁ ይላል።

«ፈርሚና ከምሳ በፊት ቤትሽ ትሄጃለሽ።»

ቀኑ ሐሙስ ነው። ከፈረምኩ እሁድ እዚያ ቤት ምን እንደሚሆን ለመገመት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ፈራሁ። እስክሪብቶውን አነሳሁት፤ ይህን አልደብቅም። ቤቴ መሄድ በጣም ፈልጌ ነበር።

«ያረምኩት ቃሉን ነው፤ አባቷን አይደለም» አልኩት።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ይህን ተጠይቄ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ሁለቱን ቃላት ጻፍኩና እንደ ሦስተኛ ክፍል ልጅ አስረዳሁት።

«ተማሪዎቹን እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ነገር ጻፉ ነው ያልኳቸው። የ"ሜይ" ትምህርት እሱ ነው። ልጅቷ ይመጣል አላለችም፤ አላውቅም ነው ያለችው። እኔም አላውቅም። የማላውቀውን አረጋግጫለሁ ብዬ አልፈርምም።»

እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት። እሱ «ካን፣ ሜይ» እያለ በለሆሳስ አነበበ። ከዚያ ጠባቂውን ጠርቶ «መልሳት» አለው።

ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ሲለቁኝም ምክንያቱን የነገረኝ የለም። እሁድ ቤታቸው እንደገና ተፈትሿል፤ አባትየው አልነበረም። ሊመጣ አስቦ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

ክፍል በተመለስኩ ቀን ልጅቷ በእረፍት ሰዓት ተጠጋችኝ።

«ቲቸር፣ እኔ ስለተሳሳትኩ ነው ያሰሩሽ?»

«አልተሳሳትሽም። ዐረፍተ ነገርሽ ትክክል ነበር» አልኳት።

በማስተማር ዘመኔ የተሳሳተ መልስ ትክክል ነው ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጆች ስለ ቤታቸው እንዲጽፉ አላዝም። ደብተር ይዤ ለማረም ስቀመጥ እግሬ አያርፍም፤ የሚጽፉትን መጀመሪያ እንደ መርማሪው፣ ቀጥሎ ነው እንደ አስተማሪ የማነበው። ይህ ያናድደኛል።

ልጅቷ አሁን አምስተኛ ክፍል ናት። እስካሁን «ሜይ» በሚገባበት ሁሉ «ካን» ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት አዲሱ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ደብተሯን ይዞ መምህራን ማረፊያ ክፍል ገባና፣ «እባካችሁ፣ ይህችን ልጅ "ካን" ትክክል ነው ብሎ ያስተማራት ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።